ጠባብ ቤት

ልጆች በበዙበት ቤት መኝታ ይጠባል። አያት ደግሞ ከገጠር መጥተው ከልጃቸው ጋራ ሊኖሩ ባሰቡ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ይጠባል። በዚህን ጊዜ አባትና እናት በእጃቸው ያለውን ገንዘብ ቈጥረው ይመክራሉ።

ቤቱ ክብ ጎጆ የሆነ እንደ ሆነ ምክሩ አጭር ነው። የጣራው እንጨት ሁሉ በምሰሶው ራስ ላይ ስለሚገናኝ ጎኑን ከፍቶ መቀጠል አይመችም፤ በአጠገቡ ሌላ ትንሽ ጎጆ መሥራት ይሻላል። ባለ አራት ማዕዘን ቤት ግን በአንዱ ግድግዳ ተጠግቶ አንድ ክፍል ይጨመርለታል።

አባት ጎረቤት አይቶ እንዲያደንቅ ትልቅ መስኮትና ቀለም የተቀባ በር ይመኛል። እናት ግን «ገንዘቡ አስቀድሞ ለመሠረቱና ለጣራው ይሁን» ትላለች። እውነትዋን ነው። በድንጋይ ላይ ሳይሆን በባዶ መሬት ውስጥ የቆመውን እንጨት እርጥበትና ምስጥ ቶሎ ይበሉታል። አዲሱም ቆርቆሮ ከአሮጌው ጣራ ክፈፍ በታች ካልገባ የሐምሌ ዝናብ በመካከሉ ወርዶ በአያት አልጋ ላይ ይንጠባጠባል።

እንጨቱ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ዳግመኛ ስለሚያቈጠቍጥ ብዙ አይጎዳም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋራ ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ በደቦ ይመረጋል። ጭቃ መርገጥስ ለልጆች ከሥራ ይልቅ ጨዋታ ነው።

መስኮቱ ትንሽ ይሆናል፤ ቀለሙም እስከሚመጣው ዓመት ይቈያል። አያት ግን ክረምት ሳይገባ በአዲሱ ክፍል ይተኛሉ።