የእናታችንን ወገን ማን ይቁጠርልን?

ሐድያና ከምባታ ውስጥ ትውልድ መቁጠር ብርቅ አይደለም። ሽማግሌ ፊት ቀርባችሁ "የማን ልጅ ነህ?" ስትባሉ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያላችሁ እስከ ጎሳችሁ ትወጣላችሁ። ለጋብቻም የግድ ነው፤ ከገዛ ጎሳ ማግባት ነውር ነዋ። ግን ልብ በሉ፦ በዚያ ሁሉ ቆጠራ አንዲት ሴት አትጠራም።

አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል። የአባቶቻቸውን ስም ሳያደናቅፋቸው ይደረድራሉ። እናታቸው ያረፉት ግን እሳቸው ጡት ሳይጥሉ ነው። ከየትኛው ቤት እንደመጡ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። "እኔ አጎት የለኝም" ሲሉ ነው ያደግነው።

መልሱ የተገኘው ከጥምቀት መዝገብ ነው። የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ ከምባታ ገብተው ዋሰራ ላይ ሚሲዮን ተክለዋል። የካቶሊክ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፦ የተጠማቂው፣ የአባትና የእናት፣ የክርስትና ወላጆች ስም፣ ቦታና ቀን ይጻፋል። ያ ሰው ኋላ ሌላ ቁምስና ሄዶ ቢያገባ እንኳ ወሬው ተልኮ ከጥምቀቱ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ ይመዘገባል።

ቆሞሱ ፈቅደውልን ሁለት ቀን ሙሉ አገላበጥን። የከምባትኛው ስም ፈረንጁ እንደሰማው በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ጮክ ብሎ ካላነበቡት አይለይም። አባቴ ቤት የሚጠሩበት ስም የለም፤ ያለው የቅዱስ ስም ብቻ ነው። ያገኘናቸው በአባታቸው ስም ነው። እናታቸውም ተጽፈዋል፣ ከነአባታቸው ስም! የክርስትና እናታቸውን ስም ስናይ የአባት ስሙ ያው ነው። አክስት ናቸው ማለት ነው። የአክስትየውን ጥምቀት ፈልገን ኅዳጉን ብናነብ የት እንዳገቡ ተጽፏል። እሳቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን እዚያው አሉ። አባቴ በዚህ ዕድሜያቸው የእናታቸውን ቤት ሰው አቅፈው አለቀሱ።

ሁሉም መዝገብ ይህን አይሰጥም። በዚያው ዘመን ሆሳዕና የገባው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የሚያጠምቀው አምኖ የመሰከረን ሰው ስለሆነ የጥምቀቱ ቀን የልደትን ዘመን አይናገርም። የፈረንጅ ቀን ካያችሁም ሰባት ወይ ስምንት ዓመት መቀነስ አትርሱ።

የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። አንዳንዱ ገጽ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። መንግሥት ወሳኝ ኩነት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ለቀደመው ትውልድ ምትክ የለም። አየርላንዶች እ.ኤ.አ. በ1922 ደብሊን ያለው ቤተ መዛግብታቸው ሲቃጠል ብዙ ሰነድ አጡ፤ የካቶሊክ መዝገቦቻቸው የተረፉት በየቁምስናው ስለነበሩ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው ፎቶ አነሳቸውና በ2015 ማንም በነጻ እንዲያያቸው ኢንተርኔት ላይ አዋላቸው።

እኛ ጋ የሚያስፈልገው ሁለት ወጣት፣ አንድ ጥሩ ስልክና የቆሞሱ ፈቃድ ነው። በሕይወት ያሉ ሰዎች ገጽ ለሕዝብ አይውጣ፤ የአሮጌዎቹ ግን ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ይነሳ።

ልትፈልጉ ከሄዳችሁ የአያታችሁን የክርስትና ስም ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚያውቁት አሮጊቶች ናቸው።