ከጉና ሥር እስከ ጣና ዳር፤ የዓሣ ነባሪው ዘመድ

ደብረ ታቦር ባሕር የላትም። በማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚያዘግም ጸሐፊም ሆነ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ የሚሮጥ ተማሪ ከጉና የሚወርደውን ብርድ ያማርር እንደሆነ እንጂ ስለ ዓሣ ነባሪ የሚያወራበት ምክንያት የለውም። ዓሣ ነባሪን እኛ ደጋዎቹ የምናውቀው በነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው፤ የቆሎ ተማሪም «ዓንበሪ» የሚለውን የግዕዝ ስሙን በቃሉ ይዞ ያድራል እንጂ በዓይኑ አያየውም። ይሁን እንጂ ከዚህችው ከተማ በጠዋት የተነሣ ሰው፣ በማግሥቱ ማለዳ የዚያን ታላቅ ፍጥረት የቅርብ ዘመድ ከውሃ ብቅ ብሎ ሲተነፍስ ሊሰማ ይችላል። ዘመዱም ጉማሬ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። የእንስሳት ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ጉማሬን የሚቆጥሩት ከአሳማ ወገን ነበር፤ ጥርሱንና እግሩን ላየ ሰው ነገሩ እውነት ይመስላል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የዘር ቅንጣት፣ ማለት ዲ.ኤን.ኤ. ተመርምሮ ሲታይ፣ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የሚቀርበው ጉማሬ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ከአንድ አያት የተለያዩት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አንደኛው ወገን ወደ ባሕር ገብቶ እግሩን ጣለ፤ ሁለተኛው እግሩን ይዞ በአፍሪካ ወንዝና ሐይቅ ቀረ።

የመጠኑ ነገር እንኳ የሚያስገርም ነው። ሊጠልቅ ሲል ጀርባውን ስለሚያጎብጥ «ጎባጣው» የሚባለው ዓሣ ነባሪ እስከ 30 ቶን ይመዝናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው እስከ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ነው ይባላል፤ እንግዲህ አንዱ ጎባጣ አራት ሴባስቶፖል ያህላል ማለት ነው። ጉማሬው በዚህ ሚዛን ትንሽ ነው፤ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም።

ጉዞው ቁልቁል ነው። አውቶቡሱ ከደብረ ታቦር ወጥቶ የዓለም ሳጋን ደን ያልፍና በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ ይወርዳል፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከ2,700 ሜትር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ስለሚወረድ፣ ተሳፋሪው መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን ያወልቃል፤ ወረታ ሲደርስ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል፤ ሩዙ፣ በመንገድ ዳር የተከመረው ሽንኩርት፣ ስሙ የተጠራው የፎገራ ላም። ወደ ባሕር ዳር ሲታጠፉ የጉማራን ወንዝ በድልድይ ይሻገራሉ። ውሃው ከጉና የመጣ ነው፤ መሄጃውም ጣና ነው። የወንዙ ስምና የእንስሳው ስም መቀራረቡን አንስቶ የማይቀልድ ተሳፋሪ የለም።

ጉማሬን ለማየት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስፍራ አባይ ከጣና የሚወጣበት፣ ከባሕር ዳር በጀልባ በአጭር ጊዜ የሚደረስበት ቦታ ነው። በጠዋት መሄድ ይበጃል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋልና ጉማሬና ማዕበል አይለይም። እኔን የወሰዱኝ ጀልባ ነጂ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ከደንገሉ ራቅ ብለው ሞተሩን አጠፉና ዝም አሉ። «አባቴ፣ አንቱ የሚሉት ይሆናል እንጂ ትንሽ ብንቀርብስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ከፈለገ ይቀርበናል» አሉኝ።

መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው። ጉማሬው ብቅ እንዳለ ሁለቱን ጆሮዎቹን እንደ እንዝርት እያሽከረከረ ውሃውን ያራግፋል። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው በአናቱ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆኑ የቀረውን አካሉን ደብቆ ዓለሙን ሁሉ ያያል። ከዚያ በአፍንጫው «ፍ-ፍ-ፍ» ብሎ ይተነፍሳል፤ ውሃውም እንደ ጉም ይበተናል። በውቅያኖስ ላይ ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚሳፈሩ ሰዎችም መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንኑ የትንፋሽ ጉም ነው። ቆጣሪ ሰው ሰዓቱን ይመልከት፤ ትልቁ ጉማሬ ጠልቆ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሲጠልቅም አይዋኝም፤ የሐይቁን ወለል እየረገጠ ይራመዳል። እንቅልፍ ወስዶት እንኳ ሳይነቃ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል።

ጎባጣው ዓሣ ነባሪ ግን ለተመልካች ደግ ነው። ከነክብደቱ ከውሃ ዘሎ በጀርባው ይወድቃል፤ በጭራው ባሕሩን ይመታል፤ ረጅም ክንፉን እንደሚሰናበት ሰው ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል። ሊጠልቅ ሲል ጭራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጭራው ሥር ያለው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ተመራማሪዎች እኛ በጣት አሻራ እንደምንለየው በፎቶግራፍ ይለዩታል። ብዙዎቹ ጎባጣዎች በሞዛምቢክና በማዳጋስካር ዳር ወልደው ወደ ደቡብ ብርድ ባሕር በየዓመቱ ይመላለሳሉ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዓረብ ባሕር፣ በኦማን በኩል ያሉት ጥቂቶች ግን ከቦታቸው አይሰደዱም። ባላገር ናቸው ማለት ይቻላል።

ጉማሬ እንዲህ አይዘልም። አፉን መክፈቱ ግን ከመዝለል አያንስም። ብዙ ሰው ሲያዛጋ ያየ መስሎት ይሥቃል፤ ነገሩ ግን ማዛጋት አይደለም፤ ግማሽ ሜትር ሊደርስ የሚችለውን ክራንቻ ለባላንጣ ማሳየት ነው። ከዚህም ሌላ ወንዱ በአጭር ጭራው እበቱን ግራና ቀኝ እየበተነ ግዛቱን ያሳውቃል፤ ይህን ሲያደርግ ጀልባ ማቅረብ በብዙ ምክንያት መልካም አይደለም። ልጅ ያላት እናት ደግሞ ከሁሉም ትከፋለች። ግልገሉን በውሃ ውስጥ ትወልዳለች፤ ጡቷንም በውሃ ውስጥ ታጠባለች፤ በዚህም ከዓሣ ነባሪዋ ጋር አንድ ናት።

ድምፁን ሳልጽፍ ባልፍ ነገሬ ጎዶሎ ይሆናል። ጎባጣው ዓሣ ነባሪ እንደሚዘፍን ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ በ1971 (እ.ኤ.አ.) አስታወቁ። የሚዘፍነው ወንዱ ነው፤ በአንድ አካባቢ ያሉት ሁሉ አንድ ዜማ ይዘው፣ ዜማውንም ከዓመት ዓመት ይለዋውጣሉ። ጉማሬ ዜማ የለውም፤ ሣቅ የመሰለ ወፍራም ጩኸት ነው ያለው፤ ነገር ግን አንዱን ጩኸት በአየርም በውሃም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያሰማል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በሞዛምቢክ የተደረገ ምርምር ደግሞ ጉማሬ የጎረቤቱን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ እንደሚለይ አሳየ። በድምፅ ማጉያ የጎረቤቱን ሲያሰሙት በልክ መለሰ፤ የባዕዱን ሲያሰሙት ግን በብርቱ ተነሣሣ፤ እበቱንም በብዛት በተነ። እኛም በሰፈራችን ከዚህ የተለየን አይደለንም።

በጣና ጉማሬን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ወይጦዎች ነበሩ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ በጦር ጉማሬ የሚያድኑትም እነርሱ ነበሩ፤ በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ስለ እነርሱ ጽፏል። ጎረቤቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ እያሉ ይጸየፏቸው ነበር። ከቆዳው የተሠራውን አለንጋ ለመያዝ ግን የተጸየፈ ጌታ አልነበረም፤ አለንጋው ራሱ «ጉማሬ» እስከ መባል ደርሷል። አደኑ ያለፈ ነገር ሆኗል፤ የታንኳው ሙያ ግን እስከ ዛሬ አለ። በውቅያኖሱም እንዲሁ ነው፤ ለንግድ የሚደረገው የዓሣ ነባሪ አደን ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውሳኔ እንዲቆም ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ ጦር ይወረወርበት ከነበረው መርከብ ላይ ካሜራ ይነጣጠራል።

ጉማሬውን አሁን የሚያስጨንቀው ጦር ሳይሆን ሣር ነው። ቀን በውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይግጣል። በፎገራ በኩል ይህ ሣር የነበረበት ውሃ ገብ መሬት እየታረሰ ነው፤ ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ሲደርቁ እርሻው ተከትሏቸው ገብቷል። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የታየው እምቦጭ ደግሞ የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳር ሸፍኖ አሣ አጥማጁንም ከብቱንም አስቸግሯል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕያው ከባቢ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሆኖም መዝገቡ በፓሪስ፣ ሩዙ በፎገራ ነው። ስለ ሩዙ ገበሬውን የሚወቅስ ካለ፣ በወር መጨረሻ ደመወዙን ቆጥሮ የሚቀበል ሰው መሆን አለበት። ለገበሬው ያ ማሳ የልጆቹ ቀለብ፣ የትምህርት ቤቱ ደብተር ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ጎብኚው እጅግ አንሷል፤ የጀልባ ነጂዎቹም ገቢ አብሮ ወድቋል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱን በዚህ ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ።

ጉማሬው ግን ጎብኚ መጣ አልመጣ በየሌሊቱ ይወጣል። የቆየ መንገዱን አይለቅም፤ ግራና ቀኝ እግሩ የሚረግጥበት ሁለት ቦይ፣ በመካከሉም ሣር ያለበት ቀጭን ጉብታ በመሬቱ ላይ ይታያል። መንገዱ አሁን በሩዝ ማሳ መካከል ስለሚያልፍ ገበሬው በማማ ላይ ሆኖ እሳት አንድዶ ቆርቆሮ እየደበደበ ያድራል፤ ሲነጋም ባለ አራት ጣት ዱካ እየቆጠረ የጠፋበትን ያሰላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጉማሬ እግሩ አጭር ስለሆነ ካብ መዝለል አይሆንለትም፤ በማሳው ዙሪያ አነስ ያለ የድንጋይ ካብ ቢኖር ዞሮ ይሄዳል። በፎገራ ሜዳ ግን መሬቱ ደለል ነው፤ ድንጋይ አይገኝበትም። ድንጋዩ ያለው ከላይ፣ ከእኛ ዘንድ ነው።