ቦራ የተሸጠበት ምክንያት

ዛሬ የምጽፍላችሁ በእኛ ቤት የደረሰውን ነው።

አምና የጤና መድን መታወቂያችን የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ አባዬ ብሩን አስቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ ጫማዬ ተቀደደ ብዬ አለቀስኩ። አባዬም "ዘንድሮስ ማን ይታመማል ብላችሁ ነው?" አለና በብሩ ጫማ ገዛልኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ክረምቱ ሳይገባ አባዬን ሆዱን አመመው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። ሲነጋ የቅሬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መርሳ አደረሱት። ከዚያ ወደ ወልድያ ተላከ። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና ኦፕራሲዮን ሆነ። መታወቂያው ስላልታደሰ የምርመራውንም የመድኃኒቱንም የአልጋውንም ከኪሳችን ከፈልን። የመኪናና የምግብም አለ። መጀመሪያ ከጎረቤት ተበደርን፣ ቀጥሎ ፍየሎቹ ተሸጡ። በመጨረሻ የእርሻ በሬያችን ቦራ ተሸጠ። አጎቴ ወደ ገበያ ሲነዳው አዲሱን ጫማዬን ማየት አስጠላኝ።

አባዬ ዳነ፣ ተመስገን። ግን በአንድ በሬ አይታረስምና መሬታችንን ለእኩል ሰጠን። ማሽላው ሲሰበሰብ ግማሹ ሌላ ሰው ቤት ገባ። ወንድሜም ትምህርቱን አቋርጦ የቀን ሥራ ጀመረ። አባዬ የተኛው 11 ቀን ነው፤ ዕዳው ግን እስካሁን አልወጣልንም።

አንድ ቀን እማዬ "የቅሬ መዋጮ አንድ ወር እንኳ አሳልፈን አናውቅም። ለመቀበሪያችን ስንከፍል ለመዳኛችን ሰነፍን" አለች። እውነቷን ነው።

መምህራችንን ስጠይቃቸው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ እንደተጀመረ ነገሩኝ። አንዱ የእኛው የወሎው ተሁለደሬ ነው። አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል። ምንም ለሌላቸው ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሲታመሙ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ተይዞ ሆስፒታል ይኬዳል። መኪናውን ግን መድኑ አይከፍልም።

ዘንድሮ አባዬ ብሩን ቆጥሮ "ደብተርስ አትፈልግም?" አለኝ። "የአምናው ደብተር ባዶ ገጽ አለው፣ እሱን እጨርሳለሁ። መጀመሪያ መታወቂያው ይታደስ" አልኩት። ዝም ብሎ ራሴን ዳሰሰኝና ወደ ቀበሌ ሄደ።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ "መታወቂያችን ታድሷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ቤት የጠየቀ አልነበረም።

ከ6ኛ "ለ" ክፍል