ዘንዶው በ18 ሰከንድ ሲሞት



ሰሞኑን ሁላችንም በዜና ደክመናል። ዛሬ ስለ አንድ ጨዋታ ልጽፍላችሁ ነው። «ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም እኔን አንድ ሰሞን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እህቴ ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ማታ ሥራ ስትገባ እኔ እሷ ቤት አመሻለሁ። ልጇ 16 ዓመቱ ነው፤ ጠባቂ አያስፈልገውም፤ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ መጣና «ጋሼ፣ አምስት ሆነን ልንጫወት ነው፤ ሁሉም ተጫዋች መሆን ስለሚፈልግ መሪ አጣን። እርስዎ ይምሩን» አለኝ። ተረት መናገር መስሎኝ እሺ አልኩት።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያዘጋጁት ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይይዛል፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ፈዋሽ፣ ሌባ። መሪው ዓለሙን ይናገራል፤ «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የጭስ ሽታ ይመጣል» ይላል። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልና ቁጥሩ ይፈርዳል። ጠላቶቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው መሪው ነው። በጉዞው መጨረሻ ደግሞ አንድ ትልቅ ጠላት ይጠብቃል፤ ልጆቹ «ቦስ» ይሉታል።

የእኛ ቦስ ቀይ ዘንዶ ነበር። አራት ወር ሙሉ ስለ እሱ አወራሁላቸው። ጎተራ ያቃጥላል፣ ከብት ይጨርሳል፣ ስሙ ሲጠራ የመንደሩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጆቹ ፈርተውት ነበር። መጽሐፉ ለወጣት ቀይ ዘንዶ 178 የሕይወት ነጥብ ይሰጠዋል። ከአፉ የሚተፋው እሳት በ16 ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይሰላል፤ አማካዩ 56 ነው። ይህ ሁሉ ይበቃል ብዬ ነበር።

በሦስት ዙር አለቀ። አስማተኛው ልጅ ድግምት ጣለበት፤ ዘንዶው ባለበት ደርቆ ቀረ፤ የቀሩት ከበው ወቀጡት። በጨዋታው ሕግ አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ነው። አራት ወር የተወራለት ዘንዶ በ18 ሰከንድ ሞተ። ልጆቹ አንገቱን ቆርጠው የመንደሩ በር ላይ ሰቀሉት፤ ግን ደስታቸው ቀዝቃዛ ነበር። አንዱ «በቃ? ይኼው ነው?» ሲል ሰማሁት።

ምክንያቱን ለማወቅ ሒሳብ ሠራሁ። ችግሩ የዘንዶው ጉልበት አልነበረም፤ ተራ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ እነሱ አምስት ጊዜ ይሠራሉ፤ እሱ አንድ ጊዜ። እሱ አንድ ተራ ካመለጠው ሙሉ ዙር አመለጠው ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል በዳይስ ተረጋገጠልኝ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ግን ያደረግሁት ስሕተት ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሁለተኛው ቦስ የእሳት ግዙፍ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ 162 የሕይወት ነጥብ አለው። መሪው ከፊቱ የካርቶን መከለያ ያቆማል፤ ወረቀቱንም ዳይሱንም ከእሱ ጀርባ ይይዛል፤ ማንም አያይበትም። ልጆቹ 162 ሲያልፉ ግዙፉ መሞት ነበረበት። እኔ ግን የዘንዶው ነገር እንዳይደገም ብዬ «ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም» አልኩ። ሁለት ዙር ጨመርኩለት። ትግሉ ደመቀ፤ ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሡ። እኔም በልቤ «አሁን ገባኝ» አልኩ።

በሁለተኛው የተጨመረ ዙር ግዙፉ ፈዋሿን ገደላት። የምትጫወታት ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ለጀግናዋ የአያቷን ስም ሰጥታታለች፤ አንድ ዓመት ሊሞላት ነበር። ሙታንን የምታስነሣው ራሷ ፈዋሿ ስለሆነች የሚያስነሣት አልነበረም። ልጅቷ ምንም አላለችም። ወረቀቷን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ወጥ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ያደረስነውን ጉዳት ሁሉ ስጽፍ ነበር። መጽሐፉ 162 ይላል። እኛ 162 ካለፍን በኋላ ግዙፉ ሁለት ዙር ቆሟል። እሷን የገደላት በሁለተኛው ነው።»

ውኃውን ሳልዘጋ «የዚህኛው ትንሽ ይበልጣል» አልኩት። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣና «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

እናት «እሺ» በል ብላ ያሳደገችው ልጅ «እሺ» ሲል ማመኑ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ አልመጡም። ፈተና አለብን አሉ። የመጡት ሦስቱ ተጫወቱ፤ ግን ዕቅድ የሚያወጣ የለም፤ የሚከራከር የለም፤ ዳይሱን ጥለው ቁጥሩን ሳያዩ ፊቴን ያያሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ማሸነፍና መሸነፋቸውን የምወስነው እኔ ከሆንኩ ለምን ያስባሉ? ለምን ይደፍራሉ? እኔን ማስደሰት ይበቃቸዋል።

ይህን ማጭበርበር የሚደግፉ የጨዋታ መሪዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመሪዎች መመሪያ ራሱ ከመከለያ ጀርባ ዳይስ መጣል ውጤቱን ለመቀየር እንደሚያመች ይናገራል። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «ዓላማው ደስታ ነው፤ መጥፎ ዳይስ ለምን የሁሉንም ማታ ያበላሽ? መሪው ጠላት አይደለም፤ ለተጫዋቾቹ ብሎ ነው» ይላሉ። እኔም ለእነሱ ብዬ ነበር። ግን ለእነሱ ብዬ ያደረግሁትን ለእነሱ መንገር አልቻልኩም። ሲጠየቅ ዋሸሁ። የሚደበቅ ውለታ ውለታ መሆኑን ከዚያ በኋላ እጠራጠራለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደው ሕጉ ራሱ መንገድ ከፍቶልኝ ነበር። መጽሐፉ 162 የሚለው አማካዩን ነው። አጠገቡ ስሌቱ ተጽፏል፤ 13 ባለ 12 ገጽ ዳይስ ጣል፣ 78 ደምር ይላል። ከፍተኛው 234 ይሆናል። ትግሉ ሳይጀመር ወረቀቴ ላይ 234 ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግዙፉ ያንኑ ሁለት ዙር ይቆም ነበር፤ ፈዋሿም ምናልባት ትሞት ነበር፤ ማንም ግን አልተበደለም። ልዩነቱ የቁጥሩ መብዛት አይደለም። ሕግ ከጨዋታው በፊት ሲወጣ ሕግ ነው፤ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ከታየ በኋላ ሲወጣ ግን ሌላ ስም አለው።

ወር ሳይሞላ አምስቱንም ጠራኋቸው። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ለእኛ ትውልድ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና ፈዋሿን ልመልስ እንደሆነ ልጅቷን ጠየቅኋት።

«ትመለስ» አለች ወዲያው። «ዳይሱንም ከእንግዲህ እዚህ ይጣሉት» ብላ በጣቷ የጠረጴዛውን መሐል ነካች።

መከለያውን አጥፌ ወንበር ሥር አስገባሁት።

አሁን ጥያቄው ይኼ ነው፦ ሳያጭበረብሩ ከባድ ቦስ እንዴት ይሠራል? በዚህ ላይ ያነበብኩትንና የሠራሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ የሚጫወት ወይም የሚጫወት ልጅ ያለው ይጠቀምበታል።

አንደኛ፣ ነጥብ ከመጨመር ተራ መጨመር ይሻላል። አዋቂ ቀይ ዘንዶ 256 ነጥብ አለው፤ ጉልበቱ ግን እዚያ ላይ አይደለም። «ሌጀንደሪ አክሽን» የሚባል ሦስት ተጨማሪ እንቅስቃሴ በየዙሩ ተሰጥቶታል፤ ተጫዋቾች ተራቸውን ሲጨርሱ መሐል እየገባ በጅራቱ ይመታል፣ በክንፉ ይጥላል። ድግምት ሲይዘው ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ «አልያዘኝም» ማለት ይችላል። ይኼስ ማጭበርበር አይደለም ወይ? አይደለም። ተጽፏል፣ ሦስት ብቻ ነው፣ ሲጠቀምበት በግልጽ ይነገራል። ተጫዋቾቹ ይቆጥራሉ፤ ሦስቱን ለማስጨረስ ያቅዳሉ።

ሁለተኛ፣ ቦታው ይዋጋ። ድራገን በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አለ፤ ኮቦልድ ስለሚባሉ የጨዋታው ደካማ ፍጥረታት ነው። እነዚህ ትንንሾች ጠባብ መንገድ፣ ወጥመድና እሳት ይዘው ትልልቅ ጀግኖችን ያራውጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ የቀይ ዘንዶ ዋሻም በየዙሩ አንድ ጊዜ ራሱ ይሠራል፤ ቅልጥ ዓለት ይፈነዳል፣ መሬት ይንቀጠቀጣል፣ መርዛም ጋዝ ይሞላል።

ሦስተኛ፣ ጠላቱ የሚፈልገው ነገር ይኑረው። ትሬሲና ሎራ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት «ሬቨንሎፍት» ውስጥ ስትራድ የሚባል ደም መጣጭ መስፍን አለ። ክፍሉ ተቀምጦ እስኪመጡበት አይጠብቅም። ይመጣል፣ ይመታል፣ ሲጎዳ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል። ዓላማ ያለው ጠላት እስኪሞት አይዋጋም፤ የሚፈልገውን እስኪያገኝ ነው።

አራተኛ፣ ትግሉ መሐል ላይ ይለወጥ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ነጥቡ በግማሽ የወረደን ፍጥረት በስም ለይቶ ያውቀው ነበር፤ አንዳንዱ ጭራቅም እዚያ ሲደርስ ጠባዩ ይቀየራል። እኔም ወሰድኩት።

ሦስተኛዋ ቦስ እናት ናት። በ18 ሰከንድ የሞተው ወጣት ዘንዶ እናት። የፈለገችው ልጆቹን መግደል አልነበረም፤ የመንደሩ በር ላይ የተሰቀለውን የልጇን ጭንቅላት ነው። ከመጀመራችን በፊት የሕይወት ነጥቧንና የምትሸሽበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ አጥፌ ጠረጴዛው መሐል ሲኒ ሥር አስቀመጥኩት። «ሲያልቅ እናንተ ትከፍቱታላችሁ» አልኩ።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። በዚያ ጊዜ ጀግኖቹም አድገው ነበር። የመጀመሪያው እሳት ሁለቱን ጣለ፤ 18 ዳይስ በዓይናቸው ፊት ተንከባሎ ሲደመር የተነፈሰ የለም። ፈዋሿ ሁለቱንም አነሣቻቸው። አስማተኛው ሦስቱን «አልያዘኝም» አስጨርሶ በአራተኛው ያዛት። ከዚያ ድግምቱ ተፈታ። ግማሽ ስትደርስ የምትፈልገውን ነጥቃ ለመብረር ተነሣች። የእህቴ ልጅ ተዋጊ መንገዷን ዘጋ፤ ቆሞ መታት፤ መታችው፤ ወደቀ።

የወደቀ ጀግና በየተራው ዳይስ ይጥላል፤ 10ና ከዚያ በላይ ለሕይወት፣ ከዚያ በታች ለሞት፤ ሦስት ጊዜ ለሞት ከወጣ አበቃ። ፈዋሿ ኃይሏን ሁሉ ጨርሳለች። ሰባት ወጣ። አሥራ አራት ወጣ። አራት ወጣ። የመጨረሻውን እጁ ውስጥ ብዙ አሽቶ ጣለው። ዘጠኝ።

ከመከለያ ጀርባ ቢሆን 10 እለው ነበር። እምላችሁ ከልቤ ነው፤ የእህቴ ልጅ ነው። ግን ዳይሱ መሐል ላይ ነበር፤ ስድስታችንም አየነው።

ዝም አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሲኒውን አነሣ፤ ወረቀቱን ፈታ። 256፤ ስትሸሽ 128። ደብተሩን አየ፤ ደመረ፤ እንደገና ደመረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ልክ ነው ጋሼ» አለኝ። «ደኅና አድርጎ ነው የሞተው።»

ልጅቷ ሳቀች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ እንዲህ ብናደርግ ኖሮ፣ በዚያ በኩል ብንገባ ኖሮ። እህቴ ከሥራ ስትመለስ ገና እየተከራከሩ ነበር።

እኛ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ ወሳኞች ደግነት ነው፤ ደግ ነው፣ ክፉ ነው፣ ለሕዝብ ብሎ ነው፣ ለራሱ ብሎ ነው። እኔ በዚያች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደግ ነበርኩ፤ ግን አላዳነኝም። ያዳነኝ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ዳይሱ የት እንደሚጣል ማሳየቷ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱም መጡ። የእህቴ ልጅ አዲስ ጀግና ይዞ መጥቷል፤ ዘንዶዋ የት እንደገባች ሊፈልግ ነው። እኔም ቁጥሯን ጽፌ ሲኒ ሥር አስቀምጫለሁ።