ወተቱ መጨረሻ ይገባል

እስቲ ዛሬ ከጠላውና ከጠጁ ፈቀቅ እንበልና፣ ክሬም ስለሚገባባቸው የድሮ የበዓል ኮክቴሎች እንጫወት። ጨዋታውን የምንጫወተው ደግሞ ሶባ ላይ ነው። ሶባ ከካርቱም ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዓባይ ዳር ያለች ናት። ከጣና የወጣው ውኃ ከነጭ ዓባይ ጋር ሳይገናኝ በፊት በደጃፏ ያልፋል፤ ስለዚህ ባዕድ አገር አትበሉብኝ።

ከክሬም ኮክቴሎች ስሙ የገነነው አሌክሳንደር ነው። ሁጎ ኤንስሊን የተባለ የኒውዮርክ ባርማን በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጂን፣ የካካዎ ሊኬርና ክሬም እኩል እኩል አድርጎ አስፍሮታል። ኋላ ጂኑ ወጣና ኮኛክ ገባ፤ ከላይም ገውዝ ተነሰነሰበት። ከበረዶ ጋር አጥብቆ መናጥ፣ ማጥለል፣ መጠጣት፤ በቃ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ኮኛኩን ከሰፈሩ ግሮሰሪ ያገኘዋል። ሶባ ላለ ሐበሻ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በኒሜሪ ዘመን፣ በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አልኮልን ከልክሏል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሙስሊም ላልሆኑት ላላ ተደረገ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያለ መጠጥ የኖረ ገበያና ጉርብትና ግን በአንድ አዋጅ አይለወጥም።

ታዲያ ክሬሙን ይዘን ኮኛኩን ብንተወው ምን ይጎድላል? እኔ ምንም አይጎድልም ባይ ነኝ። እንዲያውም በቅቤ ያበደ ዶሮ ወጥ ከበላችሁ በኋላ አሌክሳንደር ይከብዳል፤ ስብ በስብ ላይ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ወተትነቱ ሳይጠፋ ኮምጠጥ የሚል ነገር ነው። ይህን ደግሞ ሱዳኖች ድሮውንም ያውቁታል፤ ጎንጎሌዝ ይሉታል።

ጎንጎሌዝ የባኦባብ ፍሬ ነው። ዛፉን ተበልዲ ይሉታል፤ ኮርዶፋን ላይ ውስጡ ክፍት በሆነው ግንዱ ውኃ ያጠራቅሙበታል። እኛም ዘንድ በመተማ፣ በቋራና በተከዜ ቆላ ይበቅላል። ፍሬው ሲሰበር ውስጡ ኖራ የመሰለ ደረቅ ነጭ ነገር ነው፤ ጥቁር ዘሩን ሸፍኖ ይዞታል፤ ቀያይ ክሮችም በመሐል ያልፋሉ። ቆንጠር አድርጋችሁ አፋችሁ ውስጥ ብትጨምሩት ምላስ ላይ ይቀልጥና ወዲያው ጥርስን ያጠርሳል።

ሁለት ኩባያ የሚሆነውን ከነዘሩ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የፈላ ውኃ አታግቡበት፤ ጎንጎሌዝ ቫይታሚን ሲ የሞላበት ነው፣ ሙቀት ደግሞ ይጎዳዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ እጃችሁን ታጥባችሁ እሹት። መጀመሪያ ዘሩ ሻካራ ይሆንባችኋል፤ እያሻችሁ ስትሄዱ ያሙለጨልጫል፣ ውኃውም ወፈር እያለ ይመጣል። ዘሩ ራቁቱን ሲቀር በወንፊት አጥልሉት፤ ስኳሩን አሁኑኑ ጨምራችሁ አማስሉና ፍሪጅ አስገቡት።

ወተቱ መጨረሻ ላይ ነው። ግማሽ ሊትር ቅባቱ ያልተቀነሰለት፣ በደንብ የቀዘቀዘ ወተት፣ ከተገኘም ትንሽ ክሬም፣ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ ማማሰል ነው። ኮምጣጣ ነገር ወተትን ያቆራርጣል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ ለዚህ ነው ሁለቱም መቀዝቀዝ ያለባቸው። ጎንጎሌዙ ውስጥ ያለው ፔክቲንም ያግዛችኋል፤ መጠጡን ክሬም የተጨመረበት ያስመስለዋል። በረዶ፣ ከላይ የተፈቀፈቀ ገውዝ፣ ወዲያው ማቅረብ።

ለእኛ በዓል ደግሞ እንዴት እንደሚስማማ እዩልኝ! ከኅዳር 15 ጀምሮ ያለውን የገና ጾም በውኃና በስኳር ብቻ ትጠጡታላችሁ፤ ጾም ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። ገና ሲፈሰክ ያው መጠጥ ወተቱን ያገኛል። ኮኛክ ይህን አይችልም።

ሶባ ራሷ የተድላ ማዕድ የሚያስገርማት ከተማ አይደለችም። የአልዋ የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በ10ኛው መቶ ዘመን ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ ስለ አልዋ ሲጽፍ፣ ወርቅ የሞላባቸውን አብያተ ክርስቲያናት፣ የአትክልት ቦታዎቹን፣ ከነጭ ማሽላ የሚጋግሩትን እንጀራና የሚጠምቁትን መጠጥ፣ የሥጋውንም ብዛት ያነሣል። ከብት ከበዛ ወተቱም አይጠፋም መቼም። ከተማዋ በ1500 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደቀች፤ ሱዳኖች ዓጁባ የምትባል ሴት አፈረሰቻት ይላሉ፤ እኛ የዮዲትን ታሪክ ሰምተን ላደግነው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ቁፋሮ ያካሄዱት ባለሙያዎች ቤተ ክርስቲያኖችንና በቀለም የተዋቡ ሸክላዎችን አግኝተዋል። እንደዚያ ያጌጠ ሸክላ ያለው ሕዝብ እንግዳውን በደረቁ የሚሸኝ አይመስለኝም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ከካርቱም ዙሪያ ብዙ ሐበሻ በመተማ በኩል ተመልሷል። ሱዳን የኖረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ለበዓል ጎንጎሌዝ አቅርቡለት፣ እናንተም ከእሱ ተማሩ፤ የእጁ አስተሻሸት ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚመጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ጭማቂውን ብቻ አዘጋጁና ወተቱን በየብርጭቆው አድርጉ። ወተት ያልገባበት የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ለማግስቱ ይደርሳል፤ ወተት የገባበትን ግን እዚያው ጨርሱት።