አሮጊቷ ስትወጣ

ግንቦት መግቢያ ላይ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ፣ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ብስክሌት ማቆሚያው ብረት ላይ የንብ መንጋ ተንዠርግጓል። የምኖረው ጀርመን ነው፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ከሩቅ ይቀርጻል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ንብ አናቢ መጣች። ውኃ ረጭታ በብሩሽ ወደ ሣጥኗ ጠረገችው።

«አሮጊቷ ንግሥት እዚህ ውስጥ ናት» አለችኝ። «ቤቱን ለልጇ ትታ፣ ግማሹን ሕዝብ ይዛ ወጥታለች።»

ደነገጥኩ። በዶክትሬት ማሟያ ጽሑፌ ስደተኛውን በንብ መንጋ መስዬው ነበር፤ ወጣቱ ይወጣል፣ አሮጌው ቤት ይጠብቃል ብዬ። ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ማታ ጎጃም ደወልኩ። አባቴ ሳቀ። «በግንቦት መንጋ? አበባው የት አለና!»

እዚህ በዚህ ወቅት የጎመን ዘሩ ማሳ ቢጫ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን መንጋ የሚወጣው ክረምቱ አልፎ አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው ነው፤ ማሩም በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። አባቴ ቀፎውን በእበት ለቅልቆ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

«ንግሥቲቱ አሮጊት ናት አሉኝ» ስለው፣ «አውራውን ነው የምትይኝ?» አለ። በእሱ አማርኛ እናቲቱ ወንድ ናት። «እንዴታ! አሮጌው ነው የሚወጣ። አላውቅም መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከዛፉ ሥር ሆነሽ ገመድ ትይዢልኝ ነበር እንጂ መች ጠየቅሽኝ?»

እውነቱን ነው። የላሊበላን ስም ከንብ ጋር የሚያያይዘውን ትውፊት ለባዕዳን ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ የአባቴን ንብ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ወሬ ለመቀየር ስለ ጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 961 አጫወትኩት። መንጋ ሲወጣ ባለቤቱ ወዲያው ካልተከተለው ወይም መከተሉን ከተወ፣ ንቡ ባለቤት አልባ ይሆናል። አባቴ ዝም አለ።

«ዘንድሮ ዛፍ አልወጣም» አለ ቆይቶ። «ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ቀፎዎቹ ከጎተራው ሥር ተቀምጠዋል።»

«ሰው ቀጥረህ አሰቅላቸዋ!»

«መስቀሉንስ ይሰቅሉልኛል። መንጋው ሲወጣ የሚከተለው ማነው፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። ምዕራፉን ሰርዣለሁ። ለነሐሴ ትኬት እያየሁ ነው። ዛፍ መውጣት ግን አላውቅበትም።