ድንጋይ የሆነው ፍሬን

ፍሬን በጠሰ ሲባል ሁላችንም ይገባናል። ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ እግር ባዶ ይረግጣል፤ ሾፌሩ ያማትባል። የኔ መኪና ያመጣችብኝ መዘዝ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ፔዳሉ አልወርድም አለ። ድንጋይ ሆነ። እኔም እንደ ብዙው ሰው "የጠነከረ ነገር ጤነኛ ነው" ብዬ አምን ስለነበር፣ ነገሩ በሽታ መሆኑን ለማወቅ ከአዲስ አበባ ወላይታ ሶዶ ድረስ መንዳት ነበረብኝ። ያውም እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ።

መኪናይቱ ከአባቴ የወረስኳት ቶዮታ ኮሮላ፣ የአገሬ ሰው "ዲኤክስ" እያለ የሚጠራት ናት። የድሮ መኪና ሙጥኝ ያልን ሰዎች ሁሉ ወደን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በስተቀር የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን ያድሳል። እኔም ለጊፋታ እናቴን ሶዶ ይዤ ልሄድ ሳስብ፣ የአባቴን መኪና ፍሬን "ላሻሽል" ተነሣሁ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። እናቴ የሶዶ ልጅ ናት፤ በዓሉን እዚያ ካላከበረች ዓመቱ የተለወጠ አይመስላትም።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ከአዲስ ሞዴል መኪና የተፈታ የፊት ዲስክ፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን ካሊፐርና ወፈር ያለ ፍሬን ማስተር ገዛሁ። አንድ ጋራዥ ገጠሙልኝ። ሲፈቱ የሰርቮው ቱቦ አርጅቶ ስለተሰነጠቀ፣ በእጃቸው ያገኙትን ሌላ ቱቦ ቆርጠው ተኩልኝ። በሰፈር ዞርኩባት፤ ሸጋ ነች። አሮጌውን ማስተር ልጥል ስል እናቴ "የአባትህን ዕቃ?" ብላ በጨርቅ ጠቅልላ ከኋላ ኪስ ውስጥ አስቀመጠችው። ሳቅሁባት።

በቡታጅራ አድርገን ሆሳዕና እስክንደርስ ነገሩ ጥሩ ነበር ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ ፔዳሉ ሲከብደኝ "አዲስ ስለሆነ ነው" አልኩ። አንድ ነገር እንዲከብድህ ፈቅደህ ስትለምደው፣ መክበዱን ትረሳዋለህ። እኔም እግሬን አጠንክሬ መርገጥ ለመድኩ። ከሆሳዕና ወደ አረካ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ግን ልማዴ አለቀ። አንድ ጊዜ ረገጥኩ፤ ያዘ። ሁለተኛ ረገጥኩ፤ ጠጠረ። ሦስተኛ ስረግጥ ግድግዳ የገፋሁ መሰለኝ፤ መኪናይቱ እንደሆነ ዝም ብላ ትወርዳለች። ከፊቴ አንዲት ሴት ጀሪካን የጫነች አህያ ትነዳ ነበር። ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ በሁለት እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆምኩ። ከአህያዋ ጭራ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆምን።

"ምን ሆነ?" አለች እናቴ።

"ምንም" አልኳት።

ከዚያ እስከ ሶዶ የነዳሁት በማርሽና በጸሎት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የእናቴ ዘመዶች ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መሩኝ። ጋራዡ ከዳሞት ተራራ ሥር፣ የቆርቆሮ ጥላ ያለው ግቢ ነው። "ሳሮ" ብዬ በወላይትኛ ሰላምታ ገባሁና ችግሬን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ምንም ሳይነኩ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ።

"ሞተሩን አጥፋ። አሁን ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጥ፤ እስኪጠጥር። ጠጠረ? እግርህን ሳታነሣ አስነሣው።"

አስነሣሁ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ዝቅ አለ።

"ይኸው ደኅና ነው" አሉኝ። "ሰርቮው ሠራ ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ካልሰመጠ ነው ሰርቮ የሚጠረጠረው።"

ውሸታም ሆኜ የቀረሁ መሰለኝ። "ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤብዎታለሁ፣ ትናንት ድንጋይ ነበር።"

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና "ትናንት መኪናው ሞቆ ነበር፤ ዛሬ ቀዝቅዟል። በሽተኛን በደኅናው ሰዓት መርምረህ አታገኘውም። ሂድ፣ ከተማውን አዳርሰህ አሙቀውና ተመለስ" አሉኝ።

ሶዶ ዳገትና ቁልቁለት አይቸግራትም። ወደ ተራራው ወጣሁ፣ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ፣ በባጃጆች መካከል በስጋት ተሹለከለክሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፔዳሉ መክበድ ጀመረ። ተመልሼ ያንኑ ፈተና ደገምን። አሁን ሞተሩ ተነሥቶም ፔዳሉ አልሰመጠም፤ ብዙ ቆይቶ እያቃሰተ ወረደ። ኮፈኑን ከፈቱና ሞተሩ እየሠራ ጣታቸውን ወደ ሰርቮው ቱቦ ሰደዱ። ቱቦው እንደ ተጠባ ሸንኮራ ከመካከሉ ተጣብቆ ጠፍጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቮ ማለት በፔዳሉና በማስተሩ መካከል የተቀመጠ ክብ ጣሳ መሰል ነገር ነው። በውስጡ ጎማ መጋረጃ አለ። ሞተሩ በቱቦው በኩል አየሩን ይመጠዋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ከኋላ በኩል የውጭው አየር ገብቶ መጋረጃውን ይገፋል፤ እግራችንን የሚያግዘው ይህ ግፊት ነው። ጋራዡ የተካልኝ ቱቦ ለነዳጅ የሚሆን ለስላሳ ቱቦ ነበር። የነዳጅ ቱቦ ከውስጥ ሲገፋ ይችላል፤ ከውስጥ ሲመጠጥ ግን በተለይ ሙቀት ሲያገኘው ይጣበቃል። ሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመው ባዶነት አንድ ሁለት ርግጫ ያግዝና ያልቃል፤ ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ ብቻውን ይቀራል። በሰፈር ስዞር ያላወቅሁት ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ከፍታው አለ። የመጋረጃው ወርድ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.7 ኪሎ የግፊት ልዩነት ብናገኝ፣ እገዛው ወደ 220 ኪሎ ይጠጋል። እንደ ሶዶ ባለ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ራሱ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል፤ ልዩነቱ ወደ 0.5 ሲወርድ እገዛውም ወደ 155 ኪሎ ይወርዳል። እኛ ደገኞች ከመነሻውም በቀነሰ እገዛ ነው የምንነዳው፤ ጠፍጣፋ ቱቦ የምንሸከምበት ትርፍ የለንም።

ሽማግሌው ጠንካራ የሰርቮ ቱቦ አስገዝተው ገጠሙ። በቱቦው መንገድ ላይ ያለችውን አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ በአፋቸው ነፍተው ፈተኗት፤ ደኅና ናት። ፔዳሉ ቀለለ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በዚህ ጊዜ ማስተሩን አጎንብሰው አዩና በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር አነበቡልኝ፤ 15/16። "አሮጌውስ ስንት ነበር?"

የእናቴ ጥቅል ትዝ አለኝ። ከኋላ ኪስ አውጥቼ ጨርቁን ፈታሁ፤ 13/16 ይላል። ኢንች መሆኑ ነው።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው የፓስካል ሕግ ያኔ ገና ገባኝ። ያንኑ ግፊት ለማግኘት ፒስተኑ በሰፋ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ከ13/16 ወደ 15/16 ሲኬድ ስፋቱ በአንድ ሦስተኛ ያድጋል፤ ስለዚህ እግሬ በአንድ ሦስተኛ አብልጦ መግፋት ነበረበት። ወፍራም ማስተር ፔዳሉን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፤ ፍሬኑን ግን አያበረታውም። እኔ ጥንካሬ ብዬ የገዛሁት ክብደት ኖሯል።

የአባቴን ማስተር ፈቱት። ውስጡ አልዛገም፣ አልተላጠም። ጎሚኒውን በአዲስ ቀየሩ፤ ገጠሙ፤ አየሩን ከአራቱም ጎማ አስወጡ። አዲሶቹ ካሊፐሮች ብዙ ዘይት ስለሚፈልጉ ፔዳሉ ከበፊቱ ዘለቅ ብሎ እንደሚይዝ አስጠነቀቁኝና፣ ከወለሉ በቂ ርቀት መቅረቱን በእጃቸው ለክተው አረጋገጡ። ቀዝቅዛም ሞቃም ፈተንናት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ እናቴ አባያን ማየት አማራትና ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደ ሁምቦ ወረድን። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ሁሌም አብሮኝ ወረደ። በስተጎን የሁምቦ ተራራ አረንጓዴ ለብሷል። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ተከልሎ ያገገመው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር የሚያቆጠቁጠውን በመንከባከብ ነው።

ሐይቁ ብልጭ ሲል መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። የአረካውን ቁልቁለት፣ አህያዋን፣ "ምንም" ያልኩትን።

"አውቄያለሁ" አለች ዓይኗን ከሐይቁ ሳትነቅል። "የእጅ ፍሬን ስትስብ አላየሁህም? አባትህ መኪናው ሲያስቸግረው ያቆምና 'ውረጂ፣ አንድ ነገር ሆኗል' ይለኝ ነበር። አንተ 'ምንም' ስትለኝ ነው የፈራሁት።"

መልስ አልነበረኝም። ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ፔዳሉን እስኪጠጥር ረገጥኩ፤ እግሬን ሳላነሣ ቁልፉን አዞርኩ። ሰመጠ። እናቴ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይኸን ጊዜ ሁሉንም አስረዳኋት።